እንቦሳዋ የት ታድራለች?

ወደ አላሚዳ የገባሁት በውኃ ሥር ነው። ከኦክላንድ መሐል ከተማ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ድንገት ዋሻ ይሆንና መኪናውን ከነሰዉ ይውጠዋል። መሪ የያዘችው የአክስቴ ልጅ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እያመለከተች «አሁን ከላያችን ባሕር ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። የደጋ ሰው ነገር፣ ጣሪያው ያንጠባጥብ እንደሆነ ቀና ብዬ አየሁ። ደረቅ ነው። ዋሻው ከተከፈተ ከ1963 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ) ከላዩ ጀልባና መርከብ ሲመላለስበት፣ ከውስጡ ሰው ሲመላለስበት ኖሯል።

ወደ ብርሃኑ ስንወጣ ፍጥነቷን ቀነሰች። «ፖሊስ አየሽ እንዴ?» አልኳት። «አይ፣ ደሴቲቱ ላይ እንዲህ ነው የሚነዳው።» በአብዛኛው የአላሚዳ መንገድ በሰዓት ከ25 ማይል በላይ አይነዳም፤ በእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አሜሪካን በፊልም ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ መንገድ ልታቋርጥ ስትል ሁሉም መኪና ቆመላት፤ እሷም ለእያንዳንዱ ሾፌር እጇን እያነሳች፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ቀስ ብላ አለፈች።

ደሴት ናት ሲሉኝ እንደ ጣና ደሴቶች እግዜር ለይቶ ያስቀመጣት መስሎኝ ነበር። ለካ ጥንት ከዋናው ምድር ጋር የተያያዘች፣ የኦክ ዛፍ የሞላባት ባሕረ ገብ መሬት ኖራለች። ቦይ ቆፍረው የለዩዋት ሰዎች ናቸው፤ ቦዩ ያለቀው በ1902 ነው። እዚህ ከጎረቤት መቆረጥ በቁፋሮ የተገኘ ነገር ነው ብዬ ለራሴ ቀለድኩ።

ቀልዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ነው የሚያወራልን፦ «እዚያ እኮ ጎረቤትህን አታውቀውም፤ ብትሞት እንኳ የሚያንኳኳብህ የለም።» እኛም ቡናችንን ፉት እያልን «ወይ ጉድ!» እንላለን። በሆዳችን ግን ደስ ይለናል። ዶላሩ የእነሱ ነው፣ ሰዉ ግን የእኛ። ይህን ሒሳብ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣዬ ውስጥ ጠቅልዬ ነበር የተጓዝኩት።

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው በምዕራቡ ጫፍ፣ ከዌብስተር ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነው። እሷ ነርስ ናት፤ ባሏ አውቶቡስ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሏቸው። መኝታ ክፍሉ አንድ ነው። በሩን አልፌ ስገባ እንደ ወጉ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ። «እንቦሳ እሰሩ!» አለች እየሳቀች። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘችና «የቱ ጋ ነው የማስራት ጋሼ?» አለችኝ።

በማግስቱ ቡና ተቆላ። መስኮቱ ተከፈተ፣ የምድጃው አየር መሳቢያ ሥራ ጀመረ፣ ትንሹ ልጅ ፎጣ ይዞ ወንበር ላይ ቆመ። ሥራውን ያውቃል፤ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል እንዳይጮህ ማራገብ ነው። እጁ ዛለና ደወሉ ጮኸ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ሲንኳኳ ለጠብ ተዘጋጀሁ። በሩ ላይ የቆሙት ሰማንያን የተሻገሩ፣ ነጭ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ሴት ናቸው። የወረቀት ከረጢት ሙሉ ሎሚ ይዘዋል። «ደወሉን ስሰማ ቡና እንደተቆላ ገባኝ» አሉ። ልጆቹ «እትዬ ሎሚ!» እያሉ ተጠመጠሙባቸው።

ስሙን ያወጣችላቸው የአክስቴ ልጅ ናት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ግቢያቸው ሎሚ ሳይቆርጡ መጥተው አያውቁም። አቦልንም ቶናንም በረካንም ያውቃሉ፤ ቶናን ግን «ቱና» ይሉታል፣ ዓሣው ነው የሚመስላቸው። እናትየው የሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ደግሞ የደም ግፊታቸውን ትለካለች። በዚያው ሳምንት በየደጃፉ የቆሙትን የወፍ ጎጆ የሚያካክሉ የመጻሕፍት ሣጥኖች አየሁ፤ ያሰኘህን ወስደህ ያነበብከውን ትተዋለህ። በየዓመቱ በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ሐምሌ ሲገባ ከተማው ሁሉ አምስት ኪሎ ሜትር በሚረዝም ሰልፍ እንደሚወጣ፣ ግማሹ ሰው ሰልፈኛ ግማሹ አጨብጫቢ እንደሚሆንም ሰማሁ። በሻንጣዬ ያመጣሁት ሒሳብ መፋለስ ጀመረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሎሚ ሰፈሩን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። በአላሚዳ በእግር መሄድ ማለት ቤት ማየት ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ የእንጨት ቤቶች በየመንገዱ ተደርድረዋል፤ የጣሪያቸው ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሏል፣ መስኮታቸው ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ አንዱ ሐምራዊ ሌላው የሎሚ ቢጫ ተቀብቷል። እትዬ ሎሚ ስለ ቤቶቹ የሚያወሩት እንደ ሰው ነው። «ይቺ ጠንካራ ናት፤ የ1906ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ አይታለች።» «ያቺ ሦስት ጊዜ ተሸጣለች፤ ምስኪን።»

ከዚያ አንድ ግራጫ፣ ሣጥን የመሰለ አፓርታማ ጋ ቆሙ። በሁለት ያማሩ ቤቶች መሐል፣ በስህተት የተተከለ ጥርስ ይመስላል። «እዚህ የነበረችውን አውቃት ነበር» አሉና ዝም አሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይም በ1960ዎቹ፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች አሮጌዎቹን ቤቶች እየገዙ ያፈርሱና በአንድ ቤት ቦታ ብዙ ቤተሰብ የሚይዝ ሣጥን ይሠሩ ጀመር። የከተማው ሰው ተቆጣ። ፊርማ ተሰበሰበ፣ ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፣ በ1973 ጸደቀ። ስሙ ሜዠር ኤ ይባላል፤ በከተማዋ መተዳደሪያ ቻርተር ውስጥ ገብቶ ከሁለት ቤተሰብ በላይ የሚይዝ ሕንፃ መሥራትን ከለከለ። በ1991 ደግሞ ጠበቅ ተደረገና ለአንድ መኖሪያ ቢያንስ 2,000 ስኩዌር ጫማ መሬት ያስፈልጋል ተባለ፤ ወደ 186 ካሬ ሜትር ማለት ነው።

«እኔም ልጄን በጀርባዬ አዝዬ በር ለበር ፊርማ ሰብስቤያለሁ» አሉ እትዬ ሎሚ። «ያኔ ባንነሳ ኖሮ ዛሬ የማሳይህ ነገር አይኖርም ነበር።»

አመንኳቸው። የአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ቆሞ ላየ ሰው ይህ ነገር ማስረዳት አያስፈልገውም። የእንጨት በረንዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ አባትህ ጥሬ ሥጋ የበላበት ጠረጴዛ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት አቧራ ይሆናል። እዚያ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ የእትዬ ሎሚ ወገን ሆንኩ። እኛም አንድ የ1973 ፊርማ በኖረን ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው። «ሳክራሜንቶ ናቸው» አሉ፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። «እዚህ ቤት ለመግዛት ማን ይችላል?» ይህን ያሉት ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሁለቱን ነገር አያይዘው አልተናገሩም። እኔም አላያያዝኩትም።

ከፓርክ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ማውንድ የሚባል ጎዳና አለ። ማውንድ ጉብታ ማለት ነው፤ መሬቱ ግን እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። ጉብታውን የሚያውቀው ሊንከን ፓርክ ውስጥ የቆመ ድንጋይ ብቻ ነው። በአጠገቡ ርዝመቱ 400 ጫማ፣ ወርዱ 150፣ ከፍታው 14 ጫማ የሆነ ክምር ነበረ ይላል። የአገሩ ቀደምት ሰዎች፣ ኦሎኒዎች፣ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርፊት እየከመሩ፣ ሙታናቸውንም እዚያው እየቀበሩ በብዙ ትውልድ የሠሩት ነው። በ1908 ጉብታው ሲነሳ የ450 ሰዎች አፅም ተገኘ። አፈሩ ለመንገድ መደልደያ ሆነ።

ዛሬ በዚያ አካባቢ ለኦሎኒዎች የመሬት ማኅበር በፈቃድ የሚከፈል ግብር አለ፤ ሹሚ ይሉታል፣ በቋንቋቸው ስጦታ ማለት ነው። የአላሚዳ ከተማም ከከፈሉት አንዷ ናት። ስሰማው ፈገግ አልኩ። በእኛ ቋንቋ ግብር ለመንግሥት የሚከፈለውም ነው፣ ንጉሡ አዳራሽ አስከፍቶ ሕዝብ የሚያበላበትም ነው። የእኛ ግብር ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ትከፍላለህ ወይ ትበላለህ። የእነሱ ግን «በሰው ቤት ነው ያለሁት» ብሎ ማመኛ ሆነ።

ነባርና መጤ የሚሉት ቃላት በእኛ አገር ያመጡትን ጣጣ ያየ ሰው፣ በዚያ ጠፍጣፋ ጎዳና ላይ ትንሽ ቆም ማለቱ አይቀርም። እትዬ ሎሚ ነባር ናቸው። ግን ከማን አንጻር?

እሑድ ባሕር ዳር ወረድን። ክራውን የተባለው ዳርቻ ሰፊ ነው፤ ውኃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ጭቃው ያንጸባርቃል፣ ወፎቹ በረጃጅም እግራቸው ጠብ እንደሚፈልግ ሰው ይንጎራደዳሉ። ማዶ ሳንፍራንሲስኮ የጉም ነጠላዋን ተከናንባለች። የአክስቴ ልጅ ከዌብስተር ጎዳና ሉምፒያ ገዝታ ነበር። ሉምፒያ የፊሊፒንስ ምግብ ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፊሊፒናውያንን ሲቀጥር ኖሯልና ደሴቲቱ ላይ ብዙ ናቸው። ሦስት ማዕዘኗ ተፈትቶ የተጠቀለለች ሳምቡሳ በሏት። የእትዬ ሎሚን ሎሚ ጨምቀንባት በላን።

እዚህ አካባቢ ከ1917 እስከ 1939 ኔፕቱን ቢች የሚባል ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ ነበር። ሌላው የገረመኝ ግን የቆምንበት ምድር ነው። በ1950ዎቹ ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየተዛቀ ዳርቻው ተሞላ፤ በላዩ ጎዳናና ቤት፣ የገበያ አዳራሽና ሐይቅ ተሠራበት። ድሮ ባሕሩ ጓሯቸው ድረስ ይመጣላቸው የነበሩ ቤቶች በአንድ ጊዜ መሐል ሰፈር ሆኑ። መዋኛው ዳርቻም ያለ ሰው እጅ አልቆመም፤ ነፋስና ሞገድ ሲበላው አሸዋ ተጭኖ መጥቶ ተተክቶለታል። ስለዚህ «ይህች ደሴት ሞልታለች፣ ከዚህ በላይ አትችልም» የሚሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ቤታቸው የተሠራው ትናንት ባሕር በነበረ ቦታ ላይ ነው። ባሕሩም አልረሳም። የውኃው ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከመሬቱ ሥር ያለውን ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጎርፉ በበር ሳይሆን በወለል ሊመጣ ይችላል።

ማክሰኞ ማታ የከተማው ምክር ቤት ይሰበሰባል፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ይሰማል፣ የፈለገ ይናገራል። የአክስቴ ልጅ ልትናገር ተመዝግባ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ መጨረሻ የተሠራ ቀይ ጡብ ነው። የቀረበው ጉዳይ አንድ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ነበር። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሰዓቱ ፊት ለፊት ይቆጥራል።

ከጀርባው ያለው ነገር ይህ ነው። 78,000 ያህል ሕዝብ ያላት አላሚዳ ከ2023 እስከ 2031 ለ5,353 አዳዲስ ቤቶች ቦታ እንድታዘጋጅ ታዝዛለች። በ2020 የ1973ቱን ክልከላ ለመሻር ድምፅ ተሰጥቶ ከመቶ 60 ያህሉ «አይሻር» አሉ። ቢሆንም የካሊፎርኒያ ሕግ ከከተማው ቻርተር በላይ ነውና በ2022 ምክር ቤቱ ዕቅዱን አጸደቀ። የ1973ቱ አንቀጽ ዛሬም ተጽፎ አለ፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን መርከቡ በዋሻው ላይ እንደሚያልፍ ከላዩ ያልፋል።

አንድ ሽማግሌ ተነሱ፦ «መውጫችን ሁለት ዋሻና ጥቂት ድልድይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ በየት እንወጣለን?» እውነታቸውን ነው። አንዲት ወጣት ቀጠለች፦ «ልጆቻችሁን አስተምራለሁ። ለመምጣት ከአንድ ሰዓት በላይ እነዳለሁ። የማስተምራቸውን ልጆች ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቻቸው አላውቅም።» እሷም እውነቷን ነው። ሌላው ስለ ጥላ፣ ሌላዋ ስለ «ሰፈራችን መልክ» ተናገሩ። ብዙው ሰው የተናገረው ግን ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። በዚያ ምሽት አንድም ሰው «ሰው አንፈልግም» አላለም። ቅኔ የቆጠርኩ አይደለሁም፤ ግን ሰምና ወርቅ ሲነገር አውቃለሁ። ሰሙ የመኪና ማቆሚያ ነው። ወርቁን እያንዳንዱ ለየብቻው ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።

የአክስቴ ልጅ ተራዋ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ሌሊት የማስታምማቸው ሕመምተኞች የእናንተ ወላጆች ናቸው። ጠዋት ወደ ሩቅ ከተማ እንድሄድ አትፈልጉም ብዬ አምናለሁ።» ሰዓቱ ገና አልጨረሰም ነበር።

ስብሰባው ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። አብዝቶ የሚናገረው፣ የሚያንቀላፋው፣ «የአካሄድ ጥያቄ አለኝ» የሚለው ሁሉም በቦታው አለ። ያዘንኩት ቃለ ጉባኤ ለምትይዘዋ ሴት ነው። እኔም የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ጽፌያለሁ፤ የሰው ንግግር ወደ አንቀጽ ሲቀየር ምን እንደሚቀንስ አውቃለሁ።

ከደሴቲቱ በስተምዕራብ ጫፍ የድሮው የባሕር ኃይል የአየር ጣቢያ አለ። በ1940 ሥራ ጀመረ፣ በ1997 ተዘጋ። ሆርኔት የተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አሁን ሙዚየም ሆና ታስራለች፤ ከጨረቃ የተመለሱትን የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከባሕር ያወጣችው እሷ ናት። መንደርደሪያው ኮንክሪት ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል። እዚያው ኮንክሪት ላይ አንዲት ትንሽ የባሕር ወፍ፣ የመጥፋት አደጋ ያለባት ዝርያ፣ በጸደይ እየመጣች እንቁላሏን በባዶ መሬት ላይ ትጥላለች። ቦታው ታጥሮላታል፤ ጠባቂም አላት። ደስ አለኝ። ደግሞም ቀናሁባት፤ ለእሷ የመኪና ማቆሚያ አልተጠየቀም።

በአካባቢው የባሕር ኃይሉ ሰዎች በኖሩባቸው ቤቶች ቤት አልባ የነበሩ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የችግኝ ጣቢያም ተቋቁሞላቸዋል፣ ስሙ ከትንቢተ ኢሳይያስ የወጣ ነው፣ «ማረሻዎች»። ከጀልባ ጣቢያው አጠገብ ደግሞ አዳዲስ አፓርታማዎች ቆመዋል። ከተማዋ ውስጥ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሠሩ ቤቶች የሚታደሉት በተጠባባቂ መዝገብና በዕጣ ነው። የአክስቴ ልጅ «እኔም ዕጣ እየጠበቅሁ ነው» ስትለኝ ሳቅ አፈነኝ። ወንድሜ ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ከተመዘገበ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ሆኖታል፤ ሁልጊዜ ዜና ላይ «ዕጣ» ሲባል ድምፁን ከፍ አድርጉት ይላል። ሁለቱ በስልክ ቢያወሩ የሚጽናኑ መሰለኝ።

ዓርብ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብተን በያይነቱ አዘዝን። እንጀራው ቀጠን ይላል እንጂ ዓይኑ ሙሉ ነው። ከአጠገባችን የነበረ ሰው የአክስቴን ልጅ አወቃትና ተቀላቀለን። ድሮ አላሚዳ የእሷ ጎረቤት ነበር። «ኪራዩ ባንዴ ተሰቀለብኝና አንጾኪያ ገባሁ» አለ። አንጾኪያ የሚለው ወደ ውስጥ የምትርቀውን አንቲዮክ የተባለች ከተማ ነው፤ እንደ ሐዋርያት ተሰድጄ ይላል። ሥራው ግን እዚሁ ስለሆነ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳል። በ2019 አላሚዳ በብዙ አሮጌ አፓርታማዎች ኪራይ በዓመት ከመቶ 5 በላይ እንዳይጨምር ደንብ አወጣች፤ ለእሱ ግን ዘገየበት።

ያደግሁት ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የ1975ቱ (በእኛ የ1967ቱ) አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ የቤታችን ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ አላለም፤ ጣሪያው ግን ንቅንቅ ብሏል። ኪራይ ቢቆም ቤት ያረጃል፣ ኪራይ ቢለቀቅ ሰው ይሰደዳል። ይህን ለሰውዬው ብነግረው እንዲህ መለሰልኝ፦ «አላሚዳ ሳለሁ ጎረቤት ነበረኝ። አሁን አንጾኪያ ቤት አለኝ። ሁለቱን ባንድ የሚሰጥ ካገኘህ ንገረኝ።» ከዚያ ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

በመጨረሻው ምሽት ከእትዬ ሎሚ ጋር በረንዳቸው ላይ ተቀመጥን። ቤታቸው ሁለት ፎቅ ነው፤ የላይኛው መስኮቶች ሁሉ ጨለማ ናቸው። ልሰናበታቸው ስል የአገሬን ምርቃት ላስተምራቸው ፈለግሁ። «ሰው ቤት ስንገባ ቤት ለእንቦሳ እንላለን፤ ይህ ቤት ጥጃ ይታሰርበት፣ ይጨመርበት ማለት ነው።» ቃሉን ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «እንቦሳዋ የት ታድራለች?»

«እዚያው ቤት ውስጥ» አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ። «ድሮ በገጠር ለጥጃ ለብቻዋ ክፍል አይሠራም። ሰው ትንሽ ጠጋ ጠጋ ይላል።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አንዴ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ አንዴ ከመንገዱ ማዶ ወደሚበራው የአክስቴ ልጅ መስኮት አዩ። «መኪና አላት?» አሉ በመጨረሻ። ራሳቸው በራሳቸው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አገሬ እንደገባሁ የመጀመሪያው ሥራዬ የዕድሩን መዝገብ መክፈት ነበር። አንቀጽ ዘጠኝ በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ አምሮ ተጽፏል፦ «ተከራይ ነገ ለቅቆ የሚሄድ ስለሆነ በአባልነት አይመዘገብም።» ማንንም ለመጉዳት አልነበረም። ሰፈራችንን ስለምንወድ ነው፤ የሚተዋወቅ ሰው፣ የሚቆይ ሰው ይሁን ብለን ነው። ባለፈው ዓመት ከእኛ ግቢ ጀርባ ይኖር የነበረ ተከራይ፣ የሦስት ልጆች አባት ሞተ። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ልጁ መጥቶ ሲጠይቀኝ «ደንቡ አይፈቅድም» አልኩት። ድንኳን ከሌላ ሰፈር ዕድር ተውሰው ተከሉ። ሁላችንም ሄደን ተቀመጥን፣ አለቀስን፣ ንፍሮ ቀማመስን። የሚያንኳኳ ጎረቤት አለን።

በሚመጣው ወር ስብሰባ አንቀጽ ዘጠኝ በአጀንዳ እንዲያዝ ጠየቅሁ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ሊቀመንበር መልካም ሰው ናቸው፤ አሰቡበት፣ ጢማቸውን አሻሹ። «ይግቡ፣ ምን ገዶን» አሉ። «ግን ወንበሩ ይበቃናል?»

ማታውኑ መጋዘኑን ከፍቼ ቆጠርኩ። ሰማንያ ስድስት ወንበር አለን። የብዙዎቹ ላስቲክ ከተገዙ ጀምሮ አልተቀደደም።